እጅህ ለዘር ይሆናል

ይድረስ ለወንድሜ ለሹሜ። ከበርህ መድረክ እስከ ጓሮህ አጥር ድረስ በቤትህ ላለ ነፍስ ሁሉ ሰላም ይሁን። እንደምን ሰነበትህ? እንደምን ከረምህ? ያ ስታጎነብስ የሚይዝህ ወገብህ እንዴት ነው? ደባሽ ደኅና ናት ወይ? ልጆቹስ አደጉ ወይ? እናታችን ጉልበታቸው ቻለ ወይ? ዓይናቸው ወደ ማታ ይደክማል ብለህ ነበር፤ ብሶ እንደሆነ አትደብቀኝ። በሬዎቹስ? የዳልቻው ትከሻ ቀንበር የላጠው ቁስል ዳነ ወይ? ካልዳነ በፀሐይ አትጥመደው፤ ጠዋት ብቻ ይረስ።

የእስራኤል አምላክ ይመስገን፥ እኔ፥ ባለቤቴ ይሻሽና ልጃችን ስንዱ አልታመምንም። ደኅና ነን ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ቃሉን ስመዝነው ይጎድልብኛል። ስለዚህ አልታመምንም ብዬ ልለፈው። የሚበላ አለ፥ የሚጠጣ አለ፥ ቤቱ ውኃ በቧንቧ ይመጣበታል። የሌለው እናንተ ናችሁ።

ደብዳቤህ በጥር ወር ደረሰኝ። እስከ ዛሬ ያልመለስኩልህ ረስቼህ አይደለም፤ መልሱ እስኪበቅል ስጠብቅ ነው። ነገሩን ወደ ታች ስታነብ ታገኘዋለህ። ይህን ወረቀት ይዞ የሚመጣው እንግዳ ሐኪም ነው፤ ከሰው ፊት አትቀበለው፥ ምሳ ግን ሳታበላ አትስደደው።

የጻፍክልኝን በቃልህ ልድገመው፤ በትክክል ተረድቼህ እንደሆነ አንተው ፍረድ። ከድርቁ ወዲህ መሬቱ ደከመ አልክ። አምና በጥድ ሥር ማሳ የዘራኸው ስንዴ ስንዝር ተኩል ብቻ አድጎ ቆመ፥ ዛላው የጣት አንጓ አከለ አልክ። ገበሬ ማኅበሩ ለየአባወራው ግማሽ ጆንያ ዳፕና ግማሽ ጆንያ ዩሪያ ማዳበሪያ ሰጠ፥ አንተ ግን ሁለቱንም ከቆጡ ላይ ሰቅለህ አልነካቸውም። «ያን ጊዜ ዘር በእጄ የነደደ ሰው ነኝ፤ ዳግመኛ አልነካውም፤ ለጎረቤት ልሰጠው ነው» ብለህ ጻፍክ። እናታችን «ቢራራን ሳትጠይቅ እንዳትሰጥ» ስላሉህ ብቻ ጠየቅከኝ። ከዚያ በታች፥ ነገሩ እንደ ቀላል አስመስለህ፥ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ዘር የሚዘራልህ ታረቀ ወደ ሱዳን ስለወጣ ዘንድሮ የሚዘራልህ ሰው እየፈለግህ መሆንህን ጨመርክ።

ያቺን የመጨረሻ መስመር እያነበብኩ ወንበሩ ላይ መቀመጥ አልቻልኩም። ይሻሽ «ምን ሆንህ? ማን ሞተ?» አለችኝ። ማንም አልሞተም አልኳት። ወንድሜ በሠላሳ ስምንት ዓመቱ በገዛ ማሳው ላይ የሚዘራለት ሰው ይፈልጋል አልኳት። እሷም ታሪኩን ስለምታውቅ ትኩር ብላ አየችኝ። እንደዚያ ስታየኝ እጠላለሁ።

እዚህ እስራኤል አገር አሁን አጨዳ ነው። ወደ ሥራ በምሄድበት አውቶቡስ ከከተማው በስተምሥራቅ ስናልፍ መንገዱ ዳር አንድ ሰፊ የስንዴ ማሳ አለ። በኅዳር ይዘራል፥ በግንቦት ይታጨዳል፤ እህሉ እንኳ የሚኖረው በተገላቢጦሽ ነው። የእኔ ሰውነት ግን አልተገለበጠም። ግንቦት ሲገባ ክንዴን ይበላኛል፤ ሁለተኛው እርሻ ደረሰ፥ መሬቱ ሊገለበጥ ነው፥ ሹሜ ብቻውን ነው ይለኛል። ትናንት ያንን ማሳ አንድ መኪና ገብቶ ከሰዓት በፊት ጨረሰው። አጫጅ የለ፥ ነዶ የለ፥ የሚዘፍን የለ። ነጂው ጆሮውን በሆነ ነገር ደፍኖ ነበር። እኔ በመስኮቱ አንገቴን አዙሬ እስኪጠፋ ድረስ አየሁት፤ ከጎኔ የተቀመጠው ሰው የምወርድበት ያለፈኝ መስሎት ደወሉን ደወለልኝ።

የምሠራው መናፈሻና የመንገድ ዳር አበባ ከሚንከባከቡ ሰዎች ጋር ነው። ስመዘገብ የእርሻ ምሁር ነኝ፥ አለማያ ኮሌጅ አራት ዓመት ተምሬ ዲግሪ ይዤአለሁ፥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ገበሬ አስተምሬአለሁ አልኩ። ጸሐፊዋ አጠገቤ ያለውን አስተርጓሚ ሁለት ጊዜ ጠየቀችውና «የእርሻ ሠራተኛ» ብላ ጻፈች። ወረቀቱን መልሼ ሰጠኋት። «በሰደር፥ በሰደር፥ ያው ነው» አለችኝ፤ በሰደር በእነሱ ቋንቋ እሺ ማለት ነው። ያው አይደለም። አሁን የጽጌረዳ ሥር እኮተኩታለሁ፤ አልቦዘንኩም፤ ግን ያው አይደለም።

አለቃዬ ሽሙኤል የሚባል ከሮማንያ የመጣ ሽማግሌ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጮክ ብሎ ከተናገረ የምረዳው ይመስለዋል። ደብዳቤህ በደረሰኝ ሳምንት ጥቂት ዩሪያና ጥቂት ፎስፎር ያለው ማዳበሪያ እንዲሰጠኝ ለመንኩት። «ምን ታደርገዋለህ? ቢራራ፥ ይህ ስኳር አይደለም፥ አይበላም» አለኝ፥ ጣቱን ወደ አፉ እየወሰደ። ዩሪያ ከመቶው አርባ ስድስት እጁ ናይትሮጅን መሆኑን፥ ዳፕ ደግሞ አሥራ ስምንት ናይትሮጅንና አርባ ስድስት ፎስፌት መሆኑን በቁጥር ነገርኩት። አየኝ፥ ቆብ ነገሩን ወደ ኋላ ገፋ፥ «ማን ነገረህ?» አለ። አለማያ አልኩት። «የቱ ኪቡጽ ነው እሱ?» አለኝ፥ የዚህ አገር የጋራ እርሻ መንደር መስሎት። በንዴት ጥርሴን ነክሼ፥ ማዳበሪያውን ግን ተቀበልኩት።

እንግዲህ ያደረግሁትን ስማ። ከአትክልት ገበያ የተጣሉ አራት እኩል ሣጥኖች ለቅሜ በላስቲክ ለበጥኳቸው፥ አፈር ሞላኋቸው። ስንዴውን ከዶሮ መኖ ሻጭ ገዛሁ። በእያንዳንዱ ሣጥን ሃምሳ ሃምሳ ፍሬ ቆጥሬ ዘራሁ፥ በረንዳው ላይ ደረደርኳቸው። ከእኛ በታች ፀሐይቱ የምትባል የትግራይ ሴት ትኖራለች፤ ውኃ ባጠጣሁ ቁጥር በላስቲኩ ቀዳዳ እየወረደ የታጠበ ልብሷ ላይ ይንጠባጠባል። አንድ ቀን ደረጃውን ወጥታ በሩን አንኳኳችና «አቶ ቢራራ፥ የሚዘሩት እርስዎ፥ የሚዘንበው እኔ ላይ፤ ምርቱንስ እኩል እንካፈላለን ወይ?» አለችኝ። ይሻሽ ሳቀች፤ እዚህ አገር ከገባን ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ፀሐይቱ ልብሷን የምታሰጣው እኔን ጠይቃ ነው።

የመጀመሪያው ሣጥን ምንም አልተደረገለትም። አርባ አራቱ በቀሉ፤ እያንዳንዱ አንድ አንድ አገዳ አወጣ፥ ቅጠሉ ከሥር ጀምሮ ቢጫ ሆነ፥ በዛላው በአማካይ አሥራ አራት ፍሬ ያዘ። አምና ከጥድ ሥር ያገኘኸው ይኸው ነው፤ ሰንፈህ አይደለም፥ መሬቱ ርቦታል።

ለሁለተኛው ሣጥን ዳፕ የመሰለውን ማዳበሪያ ከዘሩ ጋር ሳይሆን ከዘሩ ሁለት ጣት ወደ ታች ቀበርኩለት። ዩሪያውን በዚያ ቀን አላሳየሁትም። ከአምስት ሰንበት በኋላ፥ አረሙን ነቅዬ፥ አፈሩ እርጥብ ሲሆን ጥቂት ዩሪያ በትኜ በጣቴ ሸፈንኩት። አርባ አምስቱ በቀሉ፤ ከአንድ ሥር ሦስት ሦስት አገዳ ወጣ፤ ዛላው በአማካይ ሠላሳ ስምንት ፍሬ ያዘ። አገዳው ጠንክሮ ቆመ። ፀሐይቱ እንኳ መጥታ በመዳፏ ፈትጋ፥ ወደ አፏ ጥላ አኝካ፥ «ስንዴስ ስንዴ ነው» አለች፤ ከዚያ ቆማ ቀረች፥ አገሯን አስታወሳት መሰለኝ።

ሦስተኛውን በዘራሁበት ቀን ሦስት እጥፍ ዩሪያ ሰጠሁት፤ ችኩል ገበሬ የሚያደርገውን ማለቴ ነው። እንደ ጎመን ጠቆረ፥ ከሁሉም በላይ ረዘመ፥ ስንዱም «አባ፥ ይሄ ያሸንፋል» አለች። በመጋቢት አንድ ሌሊት ነፋስና ዝናብ መጣ፤ ጠዋት ሁሉም ተኝቶ አገኘሁት፥ አልተነሣም። ፍሬው ሃያ አንድ፥ እሱም የተጨማደደ። ቅጠል ማብዛት እህል ማብዛት አይደለም። ይህን ለጎረቤቶችህ ንገራቸው፤ ማሳቸው ሲጠቁር ደስ ብሏቸው ጨምረው እንዳይበትኑ።

አራተኛውን ሣጥን ልጽፍልህ ብዬ ነው ይህ ሁሉ ወረቀት የፈጀሁት።

ለአራተኛው ሣጥን ሃምሳውን ፍሬ ከዩሪያ ጋር በአንድ ከረጢት ቀየጥኩ፥ ጥቂት እርጥበት አገኘው፥ ዓርብ ቀትር ላይ አሰርኩት። ሰንበትን አሳደርኩት። እሑድ ጠዋት ዘራሁት። ሦስት ፍሬ ብቻ በቀለ፤ እነሱም በሳምንቱ ደረቁ። ያደረግሁትን አሁን ታውቀዋለህ። የስልሳ ዓመተ ምሕረቱን ሐምሌ ደግሜ ዘራሁት።

ሹሜ፥ ያን ቀን አንተ ሃያ ዓመትህ ነበር፥ እኔ ሠላሳ አራት። መሥሪያ ቤቱ የማዳበሪያ ሙከራ ከገበሬ ማሳ ላይ አሳይ ብሎኝ የአባታችንን ጥድ ሥር መረጥኩ። ሰኞ ጎንደር ሪፖርት ማቅረብ ነበረብኝ። ዓርብ ጠዋት ዝናቡ ይዞን ዘገየን። ቀትር ሲሆን አባታችን «ሰንበት እየገባች ነው፥ በሬዎቹ ይፈቱ» አሉ። ማሳው ገና እኩሌታው አልተዘራም። ማዳበሪያውን ለብቻ፥ ዘሩን ለብቻ ለመዝራት ጊዜ አልነበረም። «ቀይጠው በአንድ ስልቻ፥ በአንድ እጅ ዝራው» ያልኩህ እኔ ነኝ። አንተም ቀየጥከው፥ ጥቂት ዘርተህ መዳፍህን አየህ፤ የእሾህ ጭረት ነበረብህ። «ጋሼ፥ እጄን አቃጠለኝ እኮ፤ ዘሩንስ አያቃጥለውም ወይ?» አልከኝ። እኔ ምን እንዳልኩህ ረስተኸው ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ግን አልረሳኸውም። «አለማያ አራት ዓመት የተቀመጥኩት አንተ እንድታስተምረኝ ነው ወይ?» አልኩህ፥ ሰው ፊት።

ከዚያ ሰንበት ገባች፥ በሬዎቹ ተፈቱ፥ የተቀየጠው ዘር ስልቻው ውስጥ በሐምሌ እርጥበት ሁለት ሌሊት አደረ። ሌላ ገበሬ ቢሆን ዓርብ ማታም ቅዳሜም ዘርቶ ይጨርሰው ነበር፤ የእኛ ቤት ግን ሰንበትን አያፈርስም። ይህን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? እኔ ነበርኩ ማሰብ ያለብኝ። እሑድ የዘራኸው እኩሌታ ማሳ ባዶውን ቀረ። ባላባቱ መጥቶ አየና «መሬቴን በመድኃኒት አቃጠሉት» ብሎ በዓመቱ ጥድ ሥርን ከአባታችን ነጠቀ። አባታችን «ማን ቀየጠው?» ብለው ሲጠይቁ እኔ «ሹሜ ነው የቀየጠው» አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ እጁ ያንተ ነበር። ያዘዘው ማን እንደሆነ ግን አልተናገርኩም። አንተም ታላቅህን አላጋለጥክም። በሪፖርቱም ላይ «ገበሬው የተሰጠውን መመሪያ ስላልተከተለ» ብዬ ጻፍኩ። በጥሩ እንግሊዝኛ ነበር የጻፍኩት።

አባታችን ከዚያ ቀን ጀምሮ «የሹሜ እጅ ለዘር አይሆንም» አሉ። በእኛ አገር ይህ ቃል ከወጣ ማን ይመልሰዋል? አረስክ፥ አረምክ፥ አጨድክ፥ ወቃህ፤ ዘር ግን ሌላ ዘራልህ። መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ጥድ ሥር ላንተ ተመለሰ፥ እጅህ ግን አልተመለሰልህም። አባታችን እንደዚያው እያሉ ዐረፉ። እኔ ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ልናገር አስቤ፥ ቀኑ አይደለም ብዬ ተውኩት። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች ሁሉ ቀኑ አልሆኑልኝም። ወደ ሱዳን ልንወጣ ስንል፥ አንተ እናታችንን ትተህ አልሄድም ብለህ በቀረህበት ማታ፥ በር ላይ አቅፌህ አፌን ከፍቼ ነበር። «ደኅና ሁን» ብዬ ዘጋሁት።

ሽሙኤል ባለፈው ሳምንት ሣጥኖቹን ሊያይ መጣ። ሁሉንም ጎንበስ ብሎ አየ፥ ከሁለተኛው አንድ ዛላ ቆርጦ ቆጠረ፥ አልጮኸም። «ይሄኛውስ ለምን ባዶ ነው?» አለኝ፥ አራተኛውን እያሳየ። ወንድሜ ትክክል ነበር አልኩት። አልገባውም፤ «ወንድምህም አለማያ ነው የተማረው?» አለኝ። አይደለም፥ እሱ በእጁ ነው የተማረው አልኩት። ይህን በባዕድ ቋንቋ ለባዕድ ሰው ከመናገሬ በፊት ላንተ መናገር ነበረብኝ።

አሁን ጆሮህን ስጠኝ፤ የምነግርህን አንዱንም አታጉድል። ሣጥኑ ላይ ያየሁት በቀይ አሸዋማ አፈር ነው፥ ጥድ ሥር ግን ጥቁር መረሬ አፈር ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ይለያያል፥ ሥርዓቱ ግን አይለወጥም። ከሐኪሙ ጋር የእርጎ ኩባያ ልኬልሃለሁ፤ በሚዛን ሦስት ጊዜ መዝኜዋለሁ፥ ዳፕ አፉ ድረስ ሲሞላ ግማሽ ኪሎ ነው። አንዱን ጥማድ መሬት በእንጨት ምልክት አሥር ቦታ ክፈለው፤ ለእያንዳንዱ አምስት ኩባያ ዳፕ። መጀመሪያ ዳፑን በትነህ በማረሻ ቀስ ብለህ አልብሰው፥ ዘሩን ከዚያ በኋላ። ዳፕ ባለበት ይቀመጣል፥ ሥሩ ወደ እሱ ይወርዳል። ዩሪያውን በዘር ቀን ከቆጥ አታውርደው። አምስት ሰንበት ቁጠር፤ ስድስተኛዋ ሳትገባ፥ ከአረም በኋላ፥ መሬቱ እርጥብ ሆኖ ጤዛው ከቅጠሉ ላይ ሲደርቅ ግማሽ ጆንያውን ለአሥሩ ቦታ እኩል አካፍለህ በትነው። ጤዛ ካለ ቅጠሉን ያነደዋል፥ ውኃ ከተኛበት ደግሞ ይባክናል፤ መውረጃ ቦይ ቀድመህ አውጣ። ሁለቱንም ሥራ እሑድ ጀምር፤ ዓርብ አትጀምር። ከበረቱ አጠገብ ያለው መሬት ፍግ ስለጠገበ ምንም አትስጠው፥ ይተኛብሃል። ኩበቱንም ሁሉ አታንድዱት፥ ከፊሉ ለማሳው ይቅር። ማዳበሪያ የደከመን መሬት ያበረታል እንጂ እንደ አፈር ሆኖ አያገለግልም።

ከሁለተኛው ሣጥን ስንዴ ልልክልህ እጄ ተነሥቶ ነበር፤ ተውኩት። ዘር ከአገር አገር በኪስ አይሄድም፥ በሽታ ይዞ ይሄዳል። ደግሞም ያንተ የአገር ስንዴ ይበቃሃል።

ለእናታችን ከአራተኛው ሣጥን ጀምሮ ያለውን ጮክ ብለህ አንብብላቸው። አታሳጥረው፥ እኔን ለማዳን ብለህ አትዝለል፤ እንደምትዘል አውቅሃለሁ። ቄሱና ሽማግሎቹ ባሉበት ይሁን። አባታችን የሰሙት ቃል እውነት መስሏቸው ሄደዋል፤ የቀሩት ግን ሰምተው ይመልሱት። ይህን ካላደረግህ ማዳበሪያውን ለጎረቤት ስጠው፥ መሬቱም እንደተራበ ይክረም፤ እኔም ከእንግዲህ በደብዳቤ አላስቸግርህም። ቁጣዬ ባንተ አይደለም፤ በማን እንደሆነ አሁን ታውቃለህ።

ይሻሽ ለደባሽ ሰላምታ ትልካለች፥ ድርና ማጉ ናፍቆኛል በያት ብላለች። ስንዱ አያቷን ሳሙልኝ ትላለች፤ ያለችው በዕብራይስጥ ነው፥ እኔ ነኝ የተረጎምኩት፤ ይህም አናዶኛል። ፀሐይቱ ሳታውቅህ ሰላም ብላሃለች፤ ስንዴህ ይያዝ ብላለች። ልጆችህን በየስማቸው ግንባራቸውን ሳምልኝ። የእናታችንን ጉልበት ሳምልኝ፥ ሁለቱንም። ለዳልቻው ጨው ስጠው።

ታላቅ የታናሹን እጅ አይስምም፤ ሥርዓቱ እንደዚያ ነው፥ አውቃለሁ። እኔ ግን ከዚህ ሆኜ ያን እሾህ የቧጨረውን ቀኝ መዳፍህን ስሜአለሁ። ሐምሌ ሲብት ማንንም አትፈልግ። ስልቻውን አንተ ተሸከም፥ ጥድ ሥር ግባ፥ ራስህ ዝራ። በኅዳር አንድ ዛላ ቁረጥና በሚመጣ ሰው ላክልኝ፤ ፍሬውን እኔ እቆጥራለሁ።

ወንድምህ ቢራራ

ፔታ ቲክቫ፥ ሃዳር ጋኒም
ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.